መሰለኝ ያለው ማን ነው?

«እኔ የምለው ጠበሉ ዛሬውኑ ይምጣ ነው» አሉ እትዬ የሻረግ። በሹክሹክታ ነው ያሉት፤ የእሳቸው ሹክሹክታ ግን ከድንኳኑ ወጥቶ መንገድ ዳር ቦዳ ሞተር የሚጠብቁት ሰዎች ጋ ይደርሳል። «ይኸው ሠልስቱ ሆነ። ልጅቷ እህል አልቀመሰች፣ እንቅልፍ አልተኛች። እናንተ ዝም እንበል ካላችሁ እሺ፣ ኋላ ግን ‹የሻረግ እያለሽ› እንዳትሉኝ።»

ልዕልት ሁሉንም ትሰማለች። ድንኳኑ ውስጥ መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ፣ ጀርባዋን ለግቢው ግንብ ሰጥታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች። እህል አልቀመሰችም የሚባለው እንኳ ውሸት ነው፤ ጠዋት ግማሽ ቻፓቲ በሻይ በልታለች፣ ያበሏትም ራሳቸው እትዬ የሻረግ ናቸው። ለቅሶ ቤት ግን እንዲህ ነው፤ ሐዘንተኛዋ በላች ከተባለ ለወሬ አይመችም።

ለነገሩ ጥፋቱ የራሷ ነው። አፏን መያዝ ነበረባት። ትላንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የጁባዋ የካቶር ሰፈር ፀሐይ ሸራውን አልፋ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ ለቀስተኛው ወደየጉዳዩ ተበትኖ ድንኳኑ ባዶ ሆኖ ነበር። እትዬ የሻረግ ከጓዳ ብቅ ሲሉ ልዕልት ውሃ በብርጭቆ ይዛ መሐል ላይ ቆማ አገኟት።

«ለማን ነው ውሃው?»

«ለሠርፀ። አሁን እዚህ ነበር።»

አለቀ። ይቺኑ ነው ያለችው። እስኪመሽ ድረስ ግን ወሬው ካቶርን ጨርሶ፣ ጁባ ታውን ገበያ ገብቶ፣ ዱቄትና ዘይት የሚያከፋፍሉት ሐበሾች ጋ ደርሶ ነበር። ወንድሟ ሐሙስ ሞቶ፣ አርብ አስከሬኑ በአውሮፕላን ሄዶ፣ ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ተቀብሮ፣ እሑድ ካቶር ታየ ተባለ።

ከዚያ ወዲህ አጠገቧ የሚቀመጥ ሁሉ ማብራሪያ ይዞ ነው የሚመጣው። አንዷ ነፍሱ ልትሰናበትሽ መጥታ ነው አለቻት። የቲኬት ቢሮ ባልደረባዋ ሀሌሉያ ደግሞ እንቅልፍ ማጣት ነው ብላ ኪኒን በሶፍት ጠቅልላ ከትራሷ ሥር ሸጎጠችላት። የግቢው ዘበኛ ብቻ «ማሌሽ» አላት፤ ጁባ ለሞተም ለጠፋም ለተሰበረ ሳህንም የምትላትን ያቺኑ ቃል ብሎ ወደ በሩ ተመለሰ። ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው። ምን እንዳየች ግን አንድም ሰው አልጠየቃትም። ደከማት። ለቅሶው አይደለም ያደከማት፣ ማብራሪያው ነው። ሰው ሲያስረዳት ራሷን እየነቀነቀች «እውነትዎን ነው» ስትል አንገቷን ሁሉ አመማት።

እትዬ የሻረግ ምክራቸውን ጨርሰው መጡና ጉልበታቸውን ይዘው ፍራሹ ላይ ዝቅ አሉ።

«ልጄ፣ የሞተ ሰው አይመለስም። የሚመለሰው በሱ መልክ የሚመጣ ሌላ ነገር ነው። ዲያቆኑን ልኬበታለሁ፣ ጠበሉን ይዞ ይመጣል። ትንሽ ፊትሽን ትረጪያለሽ፣ በቃ።»

«አልፈራሁትም እኮ እትዬ።»

«አለመፍራትሽ ነው እኔን ያስፈራኝ!»

ልዕልት እሺ አለች። እትዬ የሻረግ ክፉ ሰው አይደሉም፤ አራት ቀን ሙሉ ይሄን ሁሉ ሰው ያበሉት፣ ወንበር ከኮሚኒቲው ያስመጡት፣ ስታለቅስ ወገቧን ይዘው ያደሩት እሳቸው ናቸው። እሳቸውን እንዴት ብላ ትቆጣ?

አምስት ሰዓት ላይ እዮብ መጣ። የሠርፀ የቢሮ ባልደረባ ነው። አስከሬኑ በአንድ ቀን እንዲሄድ ወረቀት ይዞ ከቢሮ ቢሮ የሮጠው እሱ ስለሆነ ልዕልት ታከብረዋለች። ፍራሹ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ አለቀሰ፤ ከልቡ ነው ያለቀሰው። ከዚያ መነጽሩን በሸሚዙ ጠረገና ጠጋ አለ።

«ልዕልትዬ፣ ያየሽው ነገር… አትጨነቂበት። የታወቀ ነው። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ያጋጥመዋል። ስም ሁሉ አለው።»

«ምን የሚባል?»

በእንግሊዝኛ ነገራት። ረጅም ስም ነው።

«ሠርፀ ራሱ የሚሠራበት ነገር እኮ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እንዳትቀየሚኝ እሺ? ዛሬ አይደለም፣ ሲመችሽ… አንድ አጭር ኢንተርቪው ብንይዝ። የተመራማሪው እህት፣ ያውም እሱን ራሱን… ምን ልበልሽ፣ ለጥናቱ ትልቅ ነገር ነው። ፎርሙን ይዤልሽ መጥቻለሁ። አሁን አትሙዪው፣ እንዲሁ ያዢው።»

ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። ልዕልት ታውቀዋለች፤ ወደ አማርኛ የመለሰችው ራሷ ናት። ሁለተኛው ገጽ ላይ «የገጠመኙ ዓይነት» ይላል፣ ከሥሩ ሦስት ሣጥን አለ፦ ህልም፣ ቅዠት፣ እምነት። አንዷ ላይ ምልክት ይደረጋል። ሠርፀ ሦስቱን ሣጥኖች ለማስነሳት ሁለት ዓመት ከዋናው ቢሮ ጋር ደብዳቤ ተጻጽፎ አልሆነለትም። ሲሰለቸው ከጎናቸው በእስክሪብቶ አራተኛ ሣጥን እየሳለ «እንደተናገሩት» ብሎ ይጽፍበት ጀመር፤ ቢሮውም እንዳላየ ያልፈዋል። እዮብ የሰጣት ግን ንጹሑን ፎርም ነው፣ ሦስቱ ሣጥን ብቻ ያለበትን።

«እሺ፣ አየዋለሁ» አለችው፣ እንዲሄድላት።

ሠርፀ አንትሮፖሎጂስት ነበር። ቤተሰቡ ቃሏን በሃያ ዓመት አልለመዳትም። እናታቸው በሕይወት ሳሉ፣ ልጅዎ ምንድን ነው የሚሠራው ሲባሉ፣ «ሰው መጠየቅ ነው ሥራው» ይሉ ነበር፤ ጎረቤቱም ሕሙም የሚጠይቅ እየመሰለው ይመርቀው ነበር። ያን ያህልም አልተሳሳቱ። ጁባ የመጣው ሰው ሊጠይቅ ነው፤ በጦርነቱም፣ በበሽታውም፣ ወደ ድንበር በሚወስደው ኒሙሌ መንገድም ሰው የሞተባቸውን እየዞረ፣ ከሞቱ በኋላ አይታችኋቸው ታውቃላችሁ ወይ፣ ሰምታችኋቸው ታውቃላችሁ ወይ ብሎ ሊጠይቅ። መልሱ ከጠበቀው በላይ ሆነበት። ጁባ ና ባሪ የሚባለው ሰፈር ውስጥ የሞተ ባልዋ በየጠዋቱ በር የሚያንኳኳባት ሴት ነበረች። ጋምቤላ አድጎ የተመለሰ አስተማሪ ነበር፤ እናቱ ከኋላው በአማርኛ ትጠራዋለች፣ በሕይወቷ ሳለች ግን አንድ ቃል አማርኛ አታውቅም ነበር። ሠርፀ ይሄን ሲሰማ እንደ ሌላው ሰው ዓይኑን አያፈጥም። «ምን ብላ ጠራችህ? አንተስ ምን አልካት?» ይላል፣ ስለ ትላንት ገበያ የሚያወራ ይመስል።

«ታዲያ እውነት ነው?» አለችው ልዕልት በመጀመሪያው ዓመት።

«እኔ ምን አውቄ? ዳኛ አደረግሽኝ እንዴ?»

«ማለቴ፣ አንተ ታምናቸዋለህ?»

«እዩዋት! ቦዳ ነጂው ደውሎ ‹ደርሻለሁ፣ በርሽ ላይ ነኝ› ሲልሽ ታምኚዋለሽ?»

«አላምነውም።»

ሳቀ። «እሺ፣ እሱን ተዪው፤ ምሳሌው አልሠራም።» ከዚያ ሳቁን ዋጠና፣ ስለ ራሳችን ስናወራ አየን እንላለን፣ ስለ ሌላ ሰው ስናወራ ግን አየ አንልም፣ እንዳየ ያምናል ነው የምንለው አላት። ስትሰማው ቀላል ነገር መስሏት ነበር።

ልዕልት ቀን ቀን የአውሮፕላን ቲኬት ትቆርጣለች። ከሥራ ስትመለስ ደግሞ ማዳመጫ ሰክታ፣ እሱ በአማርኛ የቀዳውን እየሰማች ትጽፍለታለች፣ ወደ እንግሊዝኛም ትመልስለታለች። አራት ዓመት እንዲህ ሠሩ። የሰዎቹን ፊት አታውቅም፣ ድምፃቸውን ግን ሳላቸው ሳይቀር ለይታ ታውቃለች።

ከሁሉም አብልጣ የምታውቀው የወይዘሮ ሉባባን ድምፅ ነው። ጁባ ታውን ገበያ ዱቄትና ስኳር የሚያከፋፍሉ ሴት ናቸው፤ ልጃቸው ሳሊሕ ኒሙሌ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦበት ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ሠርፀ ሰባት ወር እየተመላለሰ፣ ሱቃቸው ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ሻያቸውን ሲጠጣ ከርሞ ነው አንድ ቀን የተናገሩለት። ቅጂው ላይ መጀመሪያ ረጅም ትንፋሽ ይሰማል። ከዚያ እንዲህ ይላሉ፦ «አርብ ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። መጣ። ጆንያው ላይ ተቀመጠ። ‹እማ፣ ሞቀኝ› አለኝ።»

ልዕልት ይሄን ስትሰማ አለቀሰች። አልቅሳ ስታበቃ አፍንጫዋን ጠረገችና እንግሊዝኛውን «የመጣ መሰለኝ» ብላ ጻፈች። «‹ሞቀኝ› ያለኝ መሰለኝ» ብላ ጻፈች። ክፋት አልነበረባትም። እንዲያውም አዝናላቸው ነው፤ የሚያነቡት የማያውቋቸው የሩቅ ሰዎች ናቸው፣ ሴትየዋን እብድ እንዳይሏቸው ብላ ነው።

ሠርፀ ደግሞ አንድ ልማድ ነበረው። የተጻፈውን ይዞ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፤ እያነበበ «እንዲህ ነው ያሉት?» ብሎ ይጠይቃል። ጊዜ ማባከን ነው ቢሉትም አልተወም። ወይዘሮ ሉባባ ጋም ሄደ፣ እንግሊዝኛውን እያየ በአማርኛ ያነብላቸው ጀመር። ያቺ ቃል ከአፉ ከወጣች በኋላ ነው እሱም የሰማት።

«መሰለኝ ያለው ማን ነው?» አሉ ወይዘሮ ሉባባ። «እኔ አላልኩም። አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ» አላቸው ሠርፀ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ይቅርታ አላደረጉለትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሱቃቸው ሲሄድ «የሉም» ያስብሉበት ጀመር፣ ሚዛናቸው ሲንኳኳ ከውስጥ እየሰማው።

ያን ቀን ቤት ሲገባ ቦርሳውን እንኳ አላወረደም።

«ቃላቸውን ለምን ነካሽ?»

«አዝኜላቸው ነዋ!»

«ማዘንሽን አይቻለሁ። አልሰማሻቸውም እንጂ።»

«እብድ ናቸው ቢሏቸውስ?»

«‹መጣ› ነው ያሉት ልዕልት። ‹መጣ›። አንድ ቃል ናት። አራት ዓመት የለፋሁት ያቺን ቃል እንደተባለች ይዤ ለመውጣት ነው።»

አልጮኸባትም። ቢጮህባት ይሻላት ነበር። ከዚያ ወዲህ ቅጂ አልሰጣትም፤ ማዳመጫውን ራሱ ሰክቶ፣ በሁለት ጣቱ ፊደል እየለቀመ ይጽፍ ጀመር። አንድ ትሪ ላይ ይበላሉ፣ ስለ ጄኔሬተሩና ስለ ውሃ ቦቴው ያወራሉ። ስለ ሥራው ግን የለም። ሁለት ወር እንዲህ ሄዱ። እሷም ይቅርታ ልትል ነበር፤ ዛሬ ነገ ስትል፣ እሱ ሲደክመው እሷ ሲደክማት፣ ሳትል ቀረች።

ሐሙስ ጠዋት ራሱን አመመው። «ወባ ነው፣ ሂጂ ሥራሽ» አላት። ጁባ ውስጥ ራሱን ያመመው ሁሉ ወባ ነው። ሄደች። ስምንት ሰዓት ላይ ተደወለላት። ማጅራት ገትር ነበር።

አስከሬኑንም ተከትላ አልሄደችም። ፓስፖርቷ ለመኖሪያ ፈቃድ እድሳት ገብቶ ነበር፣ የሚወጣውም በሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ አስከሬን ደግሞ ሳምንት አይጠብቅም። ለሌላው ሰው ሁሉ ቲኬት ስትቆርጥ የኖረች ሴት የወንድሟን ሣጥን በጭነት ወረቀት ሸኘች። ቅዳሜ ታላቅ ወንድማቸው ስምኦን ቀብሩን በስልክ ቪዲዮ ሊያሳያት ሞክሮ ነበር። ሣጥኑ ሊወርድ ሲል ኔትወርኩ ቆመ። ስልኳ ላይ የአንድ የማታውቀው ሰው ጃንጥላ ተተክሎ ቀረ፤ እሷም ጃንጥላውን እያየች ደረቷን መታች። ምን ታድርግ?

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ድንኳኑ እንደ ትላንቱ ሳሳ። ዲያቆኑ አልመጣም፤ ጠበሉን ከሚያመጣው ቦዳ ጋር ዋጋ አልተስማማ ይሆናል። እትዬ የሻረግ ጓዳ ገብተው ድስት ያጋጫሉ። ልዕልት ዓይኗን ጨፍና ነበር።

«አላህ ሰብር ይስጥሽ፣ ልጄ።»

ክው አለች። ዓይኗን ሳትገልጥ ነው ያወቀቻቸው። ይቺን ድምፅ ስንት ቀን ወደኋላ እየመለሰች ሰምታታለች፣ ስንት ቦታ አስቁማታለች።

ወይዘሮ ሉባባ ከድምፃቸው ያነሱ ሴት ናቸው። ቀጭን ናቸው፣ ጥቁር ለብሰዋል፣ የቀሚሳቸው ጫፍ ላይ የዱቄት ብናኝ አለ። ከፍራሹ አጠገብ ካሉት ወንበሮች አንዱን ሳቡና ተቀመጡ።

«እህቱ ነሽ አሉኝ።»

«አዎ።»

«ሉባባ እባላለሁ፣ ከገበያ። ወንድምሽ ይመጣብኝ ነበር።»

«አውቅዎታለሁ።»

«እንግዲያስ ነግሮሻል።» ጣታቸውን ቆለፉ፣ ፈቱ። «በሬን ዘግቼበት ነበር። አራት ጊዜ መጥቶ ‹የለችም በሉት› አስባልኩ። ቃሌን ለወጠብኛ! ሌላ ሰው ቢለውጠው አይቆጨኝም። እሱ ግን ሰባት ወር ሙሉ እንዲህ አንገቱን ደፍቶ ሲያዳምጠኝ… ተይው። ይኸው ሞተ። ለሞተ ሰው ምን ይባላል? አውፍ ብዬሃለሁ፣ ይቅር ብዬሃለሁ ልለው ነው የመጣሁት። እሱ የለም፣ አንቺ ስሚልኝ።»

እዚህ ላይ ልዕልት ዝም ብትል ነገሩ ያልፍ ነበር። ሠርፀ ይቅር ተባለ፣ ሴትየዋም ቀለላቸው፤ ማን ምን ጎደለበት? ይቅርታው ግን የተሰጠው ላላጠፋ ሰው ነው። ሠርፀ የእሷን ጥፋት ተሸክሞ ደብረ ብርሃን አፈር ውስጥ ተኝቷል። ይሄን ዝም ብላ ብታልፈው፣ ከእንግዲህ ማንም የማያውቀው ነገር ይሆናል።

«እሱ አይደለም» አለች።

«ምኑ?»

«‹መሰለኝ› ያለው። እኔ ነኝ። እሱ ይቀዳል፣ የምጽፈው እኔ ነኝ። እሱ አላወቀም ነበር፣ እዚያው እርስዎ ፊት ሲያነበው ነው ያየው።»

ወይዘሮ ሉባባ ረጅም ትንፋሽ ሳቡ። ልዕልት ያቺን ትንፋሽ ታውቃታለች፤ ስትጽፍ ሦስት ነጥብ ታደርግባት ነበር።

«እኔ ነኝ አለኝ እኮ!»

«አዎ።»

«ዓይን ዓይኔን እያየ፣ እኔ ነኝ አለኝ! እኔም አንድ የቀረኝ ስድብ የለም። ወይ አላህ! የሰው ልጅ፣ ምነው ‹እህቴ ናት› ብትል?» ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆዩ። ሲያወርዱት ፊታቸው ጠንክሯል። «አንቺስ? እኔ ምን አድርጌሽ ነው?»

«እብድ እንዳይሉዎት ብዬ።»

«እነማን?»

«የሚያነቡት።»

«የሚያነቡት!» አሉ። «የሚያነቡትን እኔ የት አውቄያቸው? ስድስት ዓመት ለባሌ እንኳ አልተናገርኩም። ቢነግሩት ሐኪም፣ ቢነግሩት ሼኽ፣ ሁሉም ወዲያው መልስ አለው። አንድ ሰው ሰማኝ ብዬ ነበር። ለካስ ሌላ ጆሮ ነበረበት።»

ልዕልት «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። ቀጥላ ደግሞ ሳታስበው «እኔንም እንዲሁ አደረጉኝ» አለች፤ ብላም አፈረች። በሰው ቁስል ላይ የራሷን ቁስል ማምጣቷ ነው።

ወይዘሮ ሉባባ አዩዋት። ይነሳሉ ብላ ጠበቀች። አልተነሱም።

«ገበያው የሚያወራውን ሰምቻለሁ» አሉ። «አንቺ ያልሽውን ግን አልሰማሁም። ከፈለግሽ ተናገሪ። እኔ እንደሆንኩ አልጽፍም።»

ነገር ነበረበት። የሚገባትም ነው። ልዕልት ጀርባዋን ከግንቡ አላቀቀች።

«ዘጠኝ ሰዓት ነው» አለች። «ማንም አልነበረም። መጣ። ተቀመጠ። የቀኝ እግር ጫማውን አወለቀና አሸዋ አራገፈ። ቀና ብሎ አየኝ። አልታመመም። ፂሙን ተላጭቷል።»

«እሺ።»

«ደክሞት ነበር።»

«ከዚያስ?»

ከሐሙስ ጀምሮ ስታለቅስ ነው የከረመችው፤ ሰው ሲመጣ ታለቅሳለች፣ ሲሄድ ታለቅሳለች። አሁን የመጣባት ግን ሌላ ነው፣ ቃሉን ሁሉ እያደናቀፈባት።

«ከዚያማ ውሃ ላመጣለት ተነሳሁ! ጥዬው ገባሁ! ብርጭቆ ልፈልግ፣ ያውም ንጹሕ ብርጭቆ ስፈልግ ቆየሁ። ስመለስ የለም። ሐሙስም ‹ሂጂ› ሲለኝ ጥዬው ሄድኩ። ቀብሩም ላይ የለሁም። ቁጭ ብዬ ባየው ምን ነበረበት እትዬ? ውሃ ምን ያደርግለታል? ይቅርታም አላልኩት። እንደዚያ ተቀምጦ፣ አንድ ቃል ናት፣ አላልኩትም።»

ይኸው ነው። ከትላንት ጀምሮ ነፍስ ነው፣ ሰይጣን ነው፣ እንቅልፍ ነው ሲባል፣ እሷን የሚበላት ብርጭቆው ነበር።

ወይዘሮ ሉባባ አላባበሏትም። እስክትጨርስ ጠበቁና፣ «እኔ ስኳር እየመዘንኩ ነበር» አሉ። «ደንበኛ ቆሟል። ልጄ መጥቶ ተቀምጦ፣ ሞቀኝ እያለኝ፣ እኔ ሚዛኑን አስተካከልኩ። ከረጢቱን አሰርኩ። ‹በል ሂድ› ብዬ ደንበኛውን ሸኘሁ። ዞር ብል የለም።»

«ተመልሶ መጣ?»

«እሱን ለወንድምሽም አልነገርኩትም» አሉ ወይዘሮ ሉባባ።

ግንቡ ማዶ የውሃ ቦቴ ጡሩምባ እየነፋ አለፈ። እትዬ የሻረግ ከጓዳ ብቅ ብለው አዩዋቸውና፣ ምን እንዳሰቡ እንጃ፣ ሳይናገሩ ተመለሱ።

«የቱ ጋ ነው የተቀመጠው?» አሉ ወይዘሮ ሉባባ ቆይተው።

«እርስዎ ያሉበት።»

ወይዘሮ ሉባባ ጎንበስ ብለው የተቀመጡበትን ወንበር አዩ፣ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ነው። «ምነው ሳትነግሪኝ!» አሉ። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ፣ ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ። የወንበሩን መቀመጫ በእጃቸው ጠራረጉ፤ ፀሐይ ደርሳበት ነበርና ወደ ፍራሹ፣ ወደ ጥላው ሳብ አደረጉት። ከዚያ ከጎኑ ያለው ላይ ተቀመጡ።

ከዐሥር ሰዓት በኋላ ሰው ከሥራ ይጎርፍ ጀመር። ሠልስት ስለሆነ ያልመጣ የለም፤ የአየር መንገዱም፣ የግንባታ ድርጅቶቹም፣ የገበያው ነጋዴዎችም መጡ። ወንበር አለቀ። ዲያቆኑም በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበሉን ይዞ ደረሰ፣ እትዬ የሻረግም እሰይ ብለው ተቀበሉት። እዮብ ላብ በላብ ሆኖ ገባ፤ ቆሞ ወዲያና ወዲህ ሲያይ በሰው መሐል አንድ ባዶ ወንበር አገኘ። መደገፊያውን ያዘ።

«ሰው አለው?» ብሎ ወይዘሮ ሉባባን ጠየቃቸው።

ወይዘሮ ሉባባ መልሱን ለልዕልት ተዉላት።

«አለው» አለች ልዕልት።

እዮብ ዙሪያውን አየ፣ እሺ አለ፣ ባልዲ ደፍቶ ተቀመጠ። ልዕልት ካለችበት ሳትነሳ እጇን ዘርግታ መዳፏን ወንበሩ ላይ አሳረፈች፣ ሰው ሁሉ እያየም አላነሳችውም።